ያውቁ ኖሯል? ዲኤንኤ አንዲት ቅጽበት እንኳ አያርፍም

በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የምናየው ዲኤንኤ ጸጥ ብሎ የቆመ ጥምዝ ነው። በሕዋስ ውስጥ ያለው ግን ይታጠፋል፣ ይከፈታል፣ ይገለበጣል፣ ቅርጹን ይቀያይራል። እስክስታ የሚመታን ሰው በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ ቢያዩት ትከሻው የት ላይ እንደነበረ እንጂ እንዴት እንደሚሄድ አያውቁም፤ የመጽሐፉ ሥዕልም እንደዚያው ነው። እንቅስቃሴውን የሚያሳየን ስፔክትሮስኮፒ ነው፦ ብርሃንን ወይም ሌላ ሞገድ ወደ ሞለኪውሉ ልኮ ምን እንደተመጠጠ፣ ምን እንደተበተነ፣ ምን ተመልሶ እንደበራ መለካት። የዛሬው ዓምዳችን በዚህ ጥበብ ስለ ዲኤንኤና ስለ እህቱ ስለ አርኤንኤ የታወቀውን፣ ከዝግተኛው እንቅስቃሴ ወደ ፈጣኑ እየተሻገረ ያስነብብዎታል። ዓመቶቹና ወሮቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዓይን የማይታይ ጥላ

• ዲኤንኤ መጀመሪያ የተገኘው ከመግል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ስዊዘርላንዳዊው ፍሪድሪክ ሚሸር በ1869 በጀርመን ቱቢንገን ከተማ፣ ከሆስፒታል በመጡ የቁስል ፋሻዎች ላይ ካገኛቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ለየው። ይሠራበት የነበረው ላቦራቶሪ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ማዕድ ቤት ነበር።

• ዲኤንኤ የሟሟበት ውሃ ለዓይን የጠራ ነው። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ግን ጥላ ይጥላል፤ በተለይ የሞገድ ርዝመቱ 260 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን አጥብቆ ይመጥጣል። መጣጮቹ የዘር ፊደላት የምንላቸው አራቱ ቤዞች ናቸው፦ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒን እና ሳይቶሲን። በአርኤንኤ የታይሚንን ቦታ የሚይዘው ዩራሲል ነው።

• ስዊድናዊው ቶርብዮርን ካስፐርሶን በ1930ዎቹ ይህንኑ ጥላ ተጠቀመበት። በአልትራቫዮሌት የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አዘጋጅቶ፣ ሕዋስን ቀለም ሳይነክር ኑክሌይክ አሲዱ (የዲኤንኤና የአርኤንኤ የጋራ ስም ነው) የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ለካ።

• ፍሬድሪክ ጌትስ የተባለ አሜሪካዊ ባክቴሪያን አብልጦ የሚገድለው የትኛው አልትራቫዮሌት እንደሆነ ለክቶ በ1930 ውጤቱን አሳተመ። የግድያው ኩርባ ከፕሮቲን ይልቅ ከኑክሌይክ አሲድ የመምጠጥ ኩርባ ጋር ገጠመ። የዘር መረጃ ተሸካሚው ዲኤንኤ መሆኑን ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ ያሳዩት ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1944 ነው። ፍንጩን ብርሃን ቀድሞ ሰጥቶ ነበር፤ ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው እንጂ።

• ዛሬም የዘረመል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናሙናው ንጹሕ መሆኑን የሚያየው በዚሁ መንገድ ነው። በ260 ናኖሜትር የተመጠጠውን በ280 ለተመጠጠው ያካፍላል። ውጤቱ 1.8 አካባቢ ከሆነ ዲኤንኤው፣ 2.0 አካባቢ ከሆነ አርኤንኤው ጥሩ ነው። ቁጥሩ ከዚህ ዝቅ ካለ ፕሮቲን ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል።

ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል

• ዲኤንኤ ሲሞቅ የሚመጥጠው ብርሃን እንደሚጨምር ያውቁ ኖሯል? ሁለቱ ክሮች ተጣምረው ሳሉ ቤዞቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ መደራረቡ የእያንዳንዱን የመምጠጥ አቅም ይቀንሰዋል። ሙቀቱ ክሮቹን ሲያላቅቅ ቤዞቹ ነጻ ይወጣሉ፤ በ260 ናኖሜትር የሚመጠጠው ብርሃንም ከ30 እስከ 40 በመቶ ያድጋል። ምንም ነገር አልተጨመረም፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። ተመራማሪው መለኪያው ላይ ቁጥሩ ሲወጣ እያየ ዲኤንኤው ሲፈታ ይከታተላል።

• ጁሊየስ ማርመርና ፖል ዶቲ በ1962 ባሳተሙት ሥራ፣ በተወሰነ የጨው መጠን የጉዋኒንና የሳይቶሲን ድርሻ በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ዲኤንኤው የሚፈታበት ሙቀት በ0.41 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ እንደሚል አሳዩ። ግማሹ ጉዋኒንና ሳይቶሲን የሆነ ዲኤንኤ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈታል ማለት ነው። ጉዋኒንና ሳይቶሲን በሦስት የሃይድሮጂን ቦንድ ይያያዛሉ፤ አዴኒንና ታይሚን በሁለት። ለጥንካሬው ግን ከቦንዱ ሌላ የቤዞቹ መደራረብም ትልቅ ድርሻ አለው።

• ጨው ዲኤንኤን ያጸናል። የሁለቱ ክሮች ጀርባ ኔጌቲቭ ቻርጅ ባላቸው ፎስፌቶች የተሞላ ስለሆነ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ በመሃል ገብቶ የሚያስታርቃቸው የጨው አዮን ነው። ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ ዲኤንኤ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈታው ለዚህ ነው።

• በሙቀት የተለያዩ ክሮች ቀስ ተብሎ ቢቀዘቅዙ ትክክለኛ ጥንዳቸውን ፈልገው እንደሚገናኙ ማርመር፣ ዶቲና ባልደረቦቻቸው በ1960 አሳይተዋል። ድንገት ቢቀዘቅዙ ግን ሳይገናኙ ይቀራሉ። ዛሬ የዘረመል ምርመራ የቆመው በዚህ መገናኘት ላይ ነው።

• ጀርመናዊው ማንፍሬድ አይገን ፈጣን ለውጥን ለመያዝ ያገኘው መላ ቀላል ነበር፦ የተረጋጋውን ነገር ድንገት ማናጋት። ፈሳሹን ከማይክሮሰከንድ ባልራቀ ጊዜ ውስጥ በጥቂት ዲግሪ አሙቆ፣ ሞለኪውሉ አዲሱን ሚዛን እስኪያገኝ በብርሃን ይከታተላል። በዚህ ሥራው በ1967 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። በ1971 እሱና ዲትማር ፐርሽከ መንገዱን በአጫጭር አርኤንኤዎች ላይ ሞከሩት። ከባዱ ሥራ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥንዶች ማገናኘት ሆኖ ተገኘ፤ እነሱ ከያዙ በኋላ ተከታዩ ጥንድ ከአንድ ማይክሮሰከንድ በታች ይዘጋል።

ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ?

• ዲኤንኤ እንደ እርጥበቱ መጠን ቅርጹን ይቀይራል። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በኤክስሬይ ሥራዋ ሁለቱን መልኮች ለየች፦ በደረቅ አየር አጠርና ወፈር የሚለውን “ኤ”፣ በእርጥብ አየር ረዘም የሚለውን “ቢ”። በግንቦት 1952 ተማሪዋ ሬይመንድ ጎስሊንግ ያነሳው ዝነኛው “ፎቶ 51” የ“ቢ”ው ነው።

• ብርሃን ራሱ እየተሽከረከረ ሊጓዝ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚሽከረከሩ የብርሃን ጨረሮችን ተራ በተራ በዲኤንኤ ውስጥ አሳልፎ የተመጠጡበትን ልዩነት የሚለካው ዘዴ ሰርኩላር ዳይክሮይዝም ይባላል። የተጠመዘዘ ሞለኪውል ሁለቱን እኩል አይመጥጥም፤ ስለዚህ አጠማዘዙን ይናገራል።

• በ1972 ፍሪትስ ፖልና ቶማስ ጆቪን ጉዋኒንና ሳይቶሲን በየተራ የተደረደሩበትን ዲኤንኤ ብዙ ጨው ውስጥ ሲያስገቡት፣ በዚህ መለኪያ የሚወጣው ኩርባ ተገለበጠ፤ ላይ የነበረው ታች፣ ታች የነበረው ላይ ሆነ። ዲኤንኤ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ይህ ግራ የሚያጋባ ነበር።

• መልሱ የመጣው በ1979 ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ የአሌክሳንደር ሪች ቡድን የአንዲት አጭር ዲኤንኤ ክሪስታል ሲመረምር ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ቅርጽ አገኘ፤ “ዚ ዲኤንኤ” ተባለ። ክሪስታል ውስጥ ያለውና ጨዋማው ውሃ ውስጥ ያለው አንድ መሆናቸውን በ1981 ያረጋገጠው ደግሞ ሌላ የብርሃን ዘዴ፣ ራማን ስፔክትሮስኮፒ ነው፤ የሁለቱ መልክ ገጠመ።

• ይህን የብርሃን አበታተን ሕንዳዊው ሲ. ቪ. ራማን ይፋ ያደረገው በ1928 በካልካታ ነው፤ በ1930 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመበት። ከሚበተነው ብርሃን እጅግ ጥቂቱ፣ ከብዙ ሚሊዮን ፎቶን አንዱ፣ ቀለሙን ለውጦ ይመለሳል። የለውጡ መጠን የሞለኪውሉ ቦንዶች እንዴት እንደሚርገበገቡ ይነግራል። ሕንድ የካቲት 28ን በየዓመቱ ብሔራዊ የሳይንስ ቀን አድርጋ የምታከብረው ለዚህ ግኝት ነው።

• ውሃ ራሱ ኢንፍራሬድን አጥብቆ ስለሚመጥጥ የቤዞቹን ድምፅ ይሸፍናል። ስለዚህ የኢንፍራሬድ ተመራማሪዎች ዲኤንኤውን በከባድ ውሃ፣ ማለትም ሃይድሮጂኑ በዲዩቴሪየም በተተካ ውሃ ያሟሙታል። ራማን ግን ይህ ችግር ብዙም አይነካውም።

ክሩ አራት ሲሆን

• ዲኤንኤ ባለ አራት ክርም እንደሚሆን ያውቁ ኖሯል? ጉዋኒን በብዛት ባለበት ቦታ አራት ጉዋኒኖች ክብ ሠርተው ይያያዛሉ፤ ክቦቹ ተደራርበው ጂ ኳድሩፕሌክስ የተባለውን ቅርጽ ይሠራሉ። በመሃላቸው ገብቶ የሚያጸናቸው ፖታሲየም ነው።

• የክሮሞሶሞቻችን ጫፍ፣ ቴሎሜር፣ TTAGGG የሚለውን ስድስት ፊደል እየደጋገመ የሚጻፍ ስለሆነ ለዚህ ቅርጽ የተመቸ ነው። ፊደላቱ የላቲን ናቸው፤ በእኛው ስንጽፈው ታይሚን፣ ታይሚን፣ አዴኒን፣ ከዚያ ሦስት ጉዋኒን ነው። ይህ አንድ ጽሑፍ እንደ አካባቢው የተለያየ መልክ ይይዛል። በ1993 በሶዲየም ውስጥ የተገኘው አንድ ዓይነት ነው፤ በ2002 በፖታሲየም በተሠራ ክሪስታል ውስጥ የታየው ሌላ፤ በ2006 በፖታሲየም ፈሳሽ ውስጥ የተለካው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ። ሁሉም እውነት ናቸው። ስሕተቱ አንዱን ይዞ “ቅርጹ ይህ ብቻ ነው” ማለት ነው።

• በሳይቶሲን የበለጸገው ተቃራኒው ክርም ባዶ እጁን አልቀረም። በአሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ አይ ሞቲፍ የተባለ ሌላ ባለ አራት ክር ቅርጽ እንደሚሠራ በ1993 ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች አሳዩ። በ2018 ደግሞ አውስትራሊያውያን በሰው ሕዋስ ውስጥ አዩት።

በሚሊሰከንድ የሚከፈት በር

• ኤንኤምአር የአተም አስኳሎችን በብርቱ ማግኔት ውስጥ አስቀምጦ በራዲዮ ሞገድ ያናግራቸዋል። በ2020 በጣሊያን ፍሎረንስ የተተከለው መሣሪያ የማግኔት ኃይሉ 28.2 ቴስላ ነው፤ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ከአምስት መቶ ሺሕ ጊዜ በላይ ይበልጣል።

• የዲኤንኤ ጥንዶች ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው እንደሚከፈቱ ያውቁ ኖሯል? በጥንዱ መሃል ያለው ሃይድሮጂን ከውሃ ሃይድሮጂን ጋር ቦታ የሚለዋወጠው ጥንዱ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ልውውጡ ደግሞ በኤንኤምአር ይታያል። በፈረንሳይ ሞሪስ ጌሮንና ዣን ሉዊ ለርዋ በዚህ መንገድ ባደረጉት ልኬት አንድ የአዴኒንና ታይሚን ጥንድ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ተዘግቶ ይቆያል፤ የጉዋኒንና ሳይቶሲን ጥንድ ከዚያ ይረዝማል። ከተከፈተ በኋላ መልሶ ለመዘጋት የሚፈጅበት ግን ናኖሰከንዶች ብቻ ነው።

• የሚገለበጥም አለ። ሊባኖስ የተወለደው ሃሺም አል ሃሺሚና ባልደረቦቹ በ2011 እንዳሳዩት፣ በተራ ዲኤንኤ ውስጥ አዴኒን ወይም ጉዋኒን አልፎ አልፎ ተገልብጦ ጥንዱን በሌላ ጎኑ ይይዛል። ይህ አያያዝ በ1959 በክሪስታል ውስጥ ባየው በካርስት ሁግስቲን ስም ይጠራል። ተገልብጦ የሚቆየው አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ድርሻውም ከ1 በመቶ ያነሰ። ሆኖም በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ 6 ቢሊዮን ያህል ጥንዶች አሉ። ከሺሕ አንዱ ብቻ ቢገለበጥ እንኳ በዚህ ቅጽበት 6 ሚሊዮን ጥንድ ተገልብጧል ማለት ነው።

• ዋትሰንና ክሪክ በ1953 አንድ ግምት ሰንዝረው ነበር፦ ቤዞች ሃይድሮጂናቸውን ለአፍታ ቢያዛውሩ የተሳሳተ ጥንድ ትክክለኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። በ2015 የአል ሃሺሚ ቡድን ጉዋኒንና ታይሚን እንዲህ ተመሳስለው የሚቆዩባቸውን አጫጭር ጊዜያት በኤንኤምአር ያዘ። ከማይክሮሰከንዶች የማይዘል ማስመሰል ነው፤ ሚውቴሽን የሚባለው የዘር ለውጥ ግን በዚህች ቀዳዳ ሊገባ ይችላል።

• ኤችአይቪ ታር የተባለ አንድ የአርኤንኤ ቁራጭ አለው። በ2007 እንደታየው ይህ ቁራጭ ብቻውን ሳለ፣ ከልዩ ልዩ መድኃኒት መሰል ሞለኪውሎች ጋር ሲያያዝ የሚይዛቸውን ቅርጾች ራሱ እየተዟዟረ ይጎበኛቸዋል። መድኃኒቱ አዲስ ቅርጽ አይፈጥርም፤ ካሉት አንዱን ይመርጣል።

አንዱን ሞለኪውል ለብቻው

• ሁለት አብሪ ቀለሞች ሲቀራረቡ አንዱ ጉልበቱን ለሌላው ያለ ብርሃን እንደሚያስተላልፍ ያውቁ ኖሯል? ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎርስተር በ1940ዎቹ ሕጉን አወጣ። ዝውውሩ በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል ስለሚቀንስ ከ1 እስከ 10 ናኖሜትር ላለ ርቀት ጥሩ መስፈሪያ ነው። ግማሹ ጉልበት ከሚተላለፍበት ርቀት እጥፍ ቢራራቁ የሚተላለፈው 1.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። ዘዴው ፍሬት ይባላል።

• በ1996 ቴክጂፕ ሃና ባልደረቦቹ ፍሬትን በአንድ ነጠላ ሞለኪውል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኩ፤ ቀለሞቹን የተሸከመው ዲኤንኤ ነበር። ከዚያ በፊት የሚለካው የብዙ ቢሊዮን ሞለኪውሎች አማካይ ስለነበር የእያንዳንዱ ጠባይ ተደብቆ ይቀር ነበር።

• አራት የዲኤንኤ ክንዶች የሚገናኙበት መስቀለኛ፣ ሮቢን ሆሊዴይ በ1964 ያሰበው፣ በሁለት ቅርጾች መካከል እንደሚወዛወዝ በ2003 በነጠላ ሞለኪውል ፍሬት ታየ። ማግኒዥየም ሲጨመርበት ውዝዋዜው ይዘገያል።

• አርኤንኤ “ትዝታ” አለው ቢባል ያምናሉ? በ2002 የዢያዎዌ ዡዋንግ ቡድን አንድ ዓይነት ፊደል ያላቸውን ራይቦዛይሞች (እንደ ኢንዛይም የሚሠሩ አርኤንኤዎች) አንድ በአንድ ሲከታተል፣ እያንዳንዱ የራሱን ጠባይ ይዞ ለረጅም ጊዜ ሲዘልቅ አገኘው። ቶሎ የሚለቀው ቶሎ እንደለቀቀ፣ አጥብቆ የሚይዘው አጥብቆ እንደያዘ።

ከማይክሮሰከንድም እጅግ በታች

• ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ቢሊዮንኛ ነው። አንድ ፌምቶሰከንድ ለአንድ ሰከንድ ያለው ድርሻ፣ አንድ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት ያለው ድርሻ ነው። የኬሚካል ለውጥን በዚህ ፍጥነት በሌዘር መከታተል የጀመረው በግብፅ ደመንሁር የተወለደው አህመድ ዘዌል ሲሆን በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻውን ወሰደ። በዚያው ዓመት ከዣክሊን ባርተን ጋር ኤሌክትሮን በዲኤንኤ ውስጥ እንዴት እንደሚሻገር የሚያሳይ ሥራ አሳትሟል።

• ቤዞቻችን ፀሐይን የሚቋቋሙት በፍጥነታቸው ነው። በ2000 በአሜሪካ የበርን ኮህለር ቡድን እንደለካው፣ ነጠላ ቤዞች የመጠጡትን የአልትራቫዮሌት ጉልበት ከአንድ ፒኮሰከንድ፣ ማለትም ከሺሕ ፌምቶሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ሙቀት ለውጠው ይገላገሉታል። ጉዳት የሚያደርስ ነገር እስኪጀመር ጉልበቱ የለም።

• ሁልጊዜ ግን አያመልጡም። ሁለት ጎረቤታም ታይሚኖች ብርሃኑ በመጣባት ቅጽበት ፊት ለፊት ከተገጣጠሙ በአንድ ፒኮሰከንድ ገደማ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ይህ በ2007 በኢንፍራሬድ ልኬት ታይቷል። ብርሃኑ ካረፈ በኋላ ለመዞር ጊዜ ስለሌላቸው፣ ጉዳቱን የሚወስነው ዲኤንኤው በዚያች ቅጽበት የነበረበት አቋም ነው። ብዙ ዕፅዋትና ባክቴሪያዎች ይህን ጥብቅ በሰማያዊ ብርሃን የሚፈታ ኢንዛይም አላቸው፤ ሰው ግን የለውም፤ የተጎዳውን ቁራጭ ቆርጦ በአዲስ ይተካል።

ከላቦራቶሪ ወደ ጤና ጣቢያ

• በላቦራቶሪ ዲኤንኤን የሚያበራው ኢትዲየም፣ በአፍሪካ የከብት ገንዲ በሽታ መድኃኒት ሆኖ ሲያገለግል የኖረ ነው። በቤዞቹ መካከል ሰርጎ ሲገባ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ጥምዙንም በ26 ዲግሪ ያህል ይፈታዋል።

• በ1996 ሳንጄይ ቲያጊና ፍሬድ ክሬመር ራሱን አጥፎ የሚጠብቅ የዲኤንኤ መርማሪ ሠሩ። ታጥፎ ሳለ አብሪው ቀለም ከአጥፊው አጠገብ ስለሆነ ይጨልማል፤ የሚፈልገውን ፊደል አግኝቶ ሲዘረጋ ይበራል።

• የቲቢ ሕሙማን የሚያውቁት ጂን ኤክስፐርት የሚሠራው በእነዚህ መርማሪዎች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2010 ሲቀበለው አምስት መርማሪዎች ነበሩት፤ ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ሲያጋጥም ከአምስቱ አንዱ ሳይበራ ይቀራል ወይም ዘግይቶ ይበራል። በ2017 የመጣው አልትራ ደግሞ መርማሪው ከዲኤንኤው የሚላቀቅበትን ሙቀት ይለካል። ማርመርና ዶቲ ያጠኑት የክሮች መላቀቅ ዛሬ መድኃኒት ይመርጣል።

• አገራችን የመጀመሪያውን የኮቪድ ታማሚ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ስታስታውቅና ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት፣ የፒሲአር ምርመራው ውጤት ይነበብ የነበረውም ከአብሪ ቀለሞች ነው። የቫይረሱ አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ተገልብጦ ሲባዛ ብርሃኑ አብሮ ይጨምራል።

እነዚህ ሁሉ አንድ ፍርድ ላይ ያደርሱናል፦ የዘር ሞለኪውልን ሥራ ከቅርጹ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ እንቅስቃሴውም መነበብ አለበት። የንባቡን ፍሬ ለመጠቀም ደግሞ ሳይንቲስት መሆን አያሻዎትም። ሳልዎ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ በአቅራቢያዎ ወዳለ የመንግሥት ጤና ተቋም ሄደው አክታዎን ያስመርምሩ፤ የቲቢ ሕክምናው በነጻ ነው።